መልሱ 42 ነው፦ የኮኑ ታንከር ጥያቄ «ይሰረዝ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ከአንድ የ10ኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና በኋላ ተማሪዎች በአንድ ጥያቄ ላይ አራት ቦታ ተከፍለው ሲከራከሩ ሰንብተዋል። ፈተናው የተሰጠው እንደ ደንቡ በእንግሊዝኛ ነው። ጥያቄው በአማርኛ ሲቀመጥ እንዲህ ይላል፦

«ጫፉ ወደ ታች፣ አፉ ወደ ላይ የተተከለ የኮን ቅርጽ ያለው ባዶ ታንከር አለ። በየደቂቃው እኩል ውሃ የሚያወርድ ቧንቧ ይሞላዋል። ውሃው የታንከሩ ቁመት ግማሽ ላይ ለመድረስ 6 ደቂቃ ፈጀ። ታንከሩ እስኪሞላ ስንት ተጨማሪ ደቂቃ ያስፈልጋል? ሀ. 6 ለ. 18 ሐ. 42 መ. 48»

የመልስ ቁልፉ «ሐ» ይላል። ክርክሩ ሳይበርድ የወጣ አንድ ጽሑፍ ደግሞ ጥያቄው እንዲሰረዝ፣ ይህ ካልሆነም የትኛውንም ምርጫ ለመረጠ ተማሪ ነጥብ እንዲሰጥ ይጠይቃል። ጽሑፉ ለተማሪ በመቆርቆር የተጻፈ መሆኑ ያስታውቃል፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር አንለያይም። ውስጡ ያለው ሒሳብ ግን የተሳሳተ ነው፤ ተማሪዎችም እየተቀባበሉ ስለሚያነቡት ስሕተቱ ከዚህ ፈተና አልፎ ሊሄድ ነው። ስለዚህ የተነሱትን ነጥቦች በየተራ እመልሳለሁ። በከፊል የምቀበለውም አለ፤ ቦታው ሲደርስ እናገራለሁ።

«ራዲየሱም ቁመቱም ስላልተሰጠ ጥያቄው ሊሠራ አይችልም»

የኮን ይዘት ቀመር ራዲየስና ቁመት ይፈልጋል፣ ጥያቄው አንዳቸውንም አልሰጠም፣ ስለዚህ የጎደለ ጥያቄ ነው ይላሉ ጸሐፊው። ጥያቄው ስንት ሊትር ይይዛል ብሎ ቢሆን ኖሮ ልክ ነበሩ። የጠየቀው ግን ጊዜን ነው። ቧንቧው ሳያፋጥን ሳያዘገይ ስለሚያወርድ ጊዜው ከውሃው መጠን ጋር እኩል ይሄዳል፤ የሚያስፈልገው የሁለት ይዘቶች ጥምርታ ብቻ ነው። በጥምርታ ውስጥ ደግሞ ያልተሰጡት ቁጥሮች ላይና ታች ሆነው ይሰራረዛሉ።

የታንከሩ ራዲየስ «ራ»፣ ቁመቱ «ቁ» ይባል። ሙሉ ይዘቱ 1/3 × ፓይ × ራ × ራ × ቁ ነው። ግማሽ ቁመት ላይ ያለው ውሃ ራሱ ትንሽ ኮን ሆኖ ይቀመጣል፤ ራዲየሱ የ«ራ» ግማሽ፣ ቁመቱ የ«ቁ» ግማሽ። ይዘቱ ስለዚህ 1/3 × ፓይ × (ራ/2) × (ራ/2) × (ቁ/2)፣ ማለትም የሙሉው 1/8 ነው። ስምንተኛው 6 ደቂቃ ከፈጀ ሙሉው 48 ደቂቃ ይፈጃል። 6ቱ አልፏል፣ የቀረው 42 ነው።

ፊደል አላሳምን ያለው ተማሪ ቁጥር ያስገባ። ራዲየሱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 120 የሆነ ታንከር 452.4 ሊትር ያህል ይይዛል። እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ክፍሉ የሚይዘው 56.5 ሊትር ያህል ነው። ቀጭንና ረጅም ይሁን ብለን ራዲየሱን 50፣ ቁመቱን 300 ብናደርገው ደግሞ ሙሉው 785.4፣ እስከ ግማሹ 98.2 ሊትር ይሆናል። ሁለቱንም ማካፈል ነው፤ ሁለቱም 8 ይሰጣሉ። የታንከሩ ልክ ያልተሰጠው ስለማያስፈልግ ነው።

«ግማሽ የሆነው ቁመቱ ብቻ ነው፤ ራዲየሱ ቀነሰ የሚል ቃል ጥያቄው ውስጥ የለም»

የጽሑፉ ዋና ምሰሶ ይህ ነው። «6» የመለሱት ተማሪዎች በክርክሩ ጊዜ ያቀረቡትም ይህንኑ ስለሆነ እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ጸሐፊው ቀመሩን ጽፈው «ቁ» የነበረበት ቦታ «ቁ/2» አስገቡ፤ «ራ»ን ግን እንዳለ ተዉት። ግማሽ ይዘት ወጣላቸው። ከዚያ «የመጀመሪያው ግማሽ 6 ደቂቃ ከፈጀ ሁለተኛውም 6 ነው» አሉ።

ራዲየሱን የቀነሰው የታንከሩ ግድግዳ ነው። ኮን ከአፉ ወደ ጫፉ እየጠበበ የሚሄድ ዕቃ ነው፤ ውሃው ደግሞ ግድግዳው እስከፈቀደለት ድረስ ብቻ ይሰፋል። ታንከሩን ከአፉ እስከ ጫፉ መሐል ለመሐል ሰንጥቀን ብናየው አንድ ትልቅ ጎነ ሦስት፣ በውስጡ ደግሞ በውሃው ፊት የተከፈለ ትንሽ ጎነ ሦስት እናገኛለን። የጫፉ ማዕዘን የሁለቱም የጋራ ነው። የውሃው ፊት ከአፉ ጋር ትይዩ ስለሆነ የቀሩት ማዕዘኖችም እኩል ናቸው። እንግዲህ ሁለቱ ምስስል ጎነ ሦስቶች ናቸው፤ የአንዱ ቁመት የሌላው ግማሽ ከሆነ ወርዱም ግማሽ ከመሆን አያመልጥም። ጥያቄው ይህን በቃል ያልጻፈው «ኮን» የሚለው ቃል በውስጡ ስለያዘው ነው።

የጸሐፊውን ስሌት በቁጥር ብንፈትነው ችግሩ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። በመጀመሪያው ታንከራችን ከጫፉ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብለን ስንለካ የግድግዳው ራዲየስ 30 ነው። እሳቸው ግን እዚያ ከፍታ ላይ ያለውን ውሃ ራዲየስ 60 አድርገው አስበው 226 ሊትር ያህል አገኙ። ታንከሩ እዚያ ድረስ የሚይዘው 56.5 ሊትር ነው። ቀሪው 170 ሊትር ያህል ውሃ ከብረቱ ውጭ፣ አየር ላይ ቆሟል ማለት ነው።

ይህ ማለት የጸሐፊው ስሌት የትም አይሠራም ማለት አይደለም። ቀጥ ብሎ የቆመ ሲሊንደር፣ ለምሳሌ በየግቢው የሚታየው ሮቶ፣ ግድግዳው ስለማይጠብ ግማሽ ቁመት ላይ ግማሽ ውሃ ይይዛል (ከላይ ያለውን ጉልላቱን ከተውነው)። አፋቸው እኩል የሆነ፣ ግን የአንዱ ቁመት የሌላው ግማሽ የሆነ ሁለት የተለያዩ ኮኖች ቢሰጡንም ጥምርታው 2 ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱ ምስስል አይደሉም፣ አንዱ ሌላውን ከላይ ተጭነው ያሳጠሩት ይመስላል። የጥያቄው ታንከር ከሁለቱም ይለያል። ውሃው ያለበት ክፍል የታንከሩ የራሱ ታናሽ ነው፤ ርዝመት የሚባል ነገር ሁሉ አብሮ ቀንሷል።

በክርክሩ ላይ ትክክለኛ መልስ ከያዙት ተማሪዎችም አንዳንዶቹ «ሲጨምር በኩብ ነው» የምትል አጭር ሕግ ብቻ ይዘው ነበር። ይህችም አደገኛ ናት። ኩብ የሚመጣው ሦስቱም ልኬቶች በአንድ መጠን አብረው ሲለወጡ ነው። የኮን ቁመት ብቻ በግማሽ ቢቀንስ ይዘቱ 1/2፣ ራዲየሱ ብቻ በግማሽ ቢቀንስ 1/4፣ ሁለቱም ቢቀንሱ 1/8 ይሆናል። እንጀራን እንውሰድ። 40 ሳንቲ ሜትር ከሚያወጣ ምጣድ ወደ 60 የሄደች ሴት የእንጀራዋ ዲያሜትር 1.5 እጥፍ ሆኗል፤ ውፍረቱ ግን ያው ነው፣ እንጀራ ስለሰፋ አይወፍርም። ስለዚህ የሚፈሰው ሊጥ 1.5 × 1.5 = 2.25 እጥፍ ነው፤ ለዘጠኝ ትናንሽ የሚበቃ ሊጥ አራት ትላልቅ ያወጣል። እዚህ ላይ «ኩብ ነው» ብሎ 1.5 × 1.5 × 1.5 = 3.375 ያሰበ ሰው ሊጡ ይተርፈዋል። ዳቦ ቢሆን፣ በሁሉም በኩል በዚያው መጠን ያደገ ድፎ ቢሆን፣ 3.375ቱ ልክ ይሆን ነበር።

«የውሃው ፊት 4 እጥፍ ስለሚሰፋ ጠቅላላው 24፣ ተጨማሪው 18 ደቂቃ ነው፤ ይህም ቢያንስ የተወሰነ ነጥብ ይገባዋል»

«18» የመለሱ ተማሪዎች ራዲየሱ እንደሚቀንስ አይተዋል፤ ከ«6» አንድ እርምጃ ቀድመዋል። ያገኙት 4ም ከእውነተኛ ነገር የመጣ ቁጥር ነው፤ ግን የይዘት አይደለም።

4 ቦታው የት እንደሆነ ማየት ይጠቅማል። አንደኛ፣ አፉ ላይ ያለው የውሃ ፊት ስፋት ግማሽ ቁመት ላይ ከነበረው 4 እጥፍ ነው። ሁለተኛ፣ ውሃ የነካው የውስጥ ግድግዳ እንዲሁ። እስከ ግማሹ ለመቀባት 1 ኪሎ ቀለም ከበቃ ሙሉውን ለመቀባት 4 ኪሎ ይፈልጋል። ሦስተኛው ይበልጥ የሚያስተምር ነው፦ የውሃው ከፍታ የሚወጣበት ፍጥነት። በ60 በ120ው ታንከራችን ቧንቧው በደቂቃ 9.4 ሊትር ያህል ያወርዳል። ግማሽ ቁመት ላይ ውሃው በደቂቃ 3.3 ሳንቲ ሜትር ያህል እየወጣ ነው፤ አፉ ጋ ሲደርስ 0.83 ብቻ። ልዩነቱ በትክክል 4 እጥፍ ነው።

ይዘት ግን ፊት ብቻ አይደለም፣ ጥልቀትም አለው፤ ጥልቀቱም እጥፍ ሆኗል። 4 × 2። የ«18» መላሾች የቀራቸው ይህች የመጨረሻዋ ሁለት ናት።

ቁመቱን አራት ቦታ ከፍሎ ማየት ለዚህ ከሁሉ የተሻለ ማረጋገጫ ነው። ከታች ያለው ሩብ 1 እጅ ውሃ ቢይዝ፣ ሁለተኛው ሩብ 7፣ ሦስተኛው 19፣ ከላይ ያለው 37 እጅ ይይዛል። ድምሩ 64 ነው፣ 4 በራሱ ሦስት ጊዜ ሲባዛ። በእኛ ጥያቄ 64ቱ እጅ 48 ደቂቃ ስለሚፈጅ አንዱ እጅ 45 ሰከንድ ነው። የመጀመሪያው ሩብ በ45 ሰከንድ ይሞላል፤ ግማሹ በ6 ደቂቃ፤ ሦስት አራተኛው በ20 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ። የመጨረሻው ሩብ ብቻውን 27 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ይፈልጋል፤ ይህ ብቻውን ከ18 ይበልጣል። ታንከሩ በእርግጥ በይዘት ግማሽ የሚሆነው በ24ኛው ደቂቃ ሲሆን ውሃው በዚያ ሰዓት ከቁመቱ 79 በመቶውን አልፏል። የ120 ሳንቲ ሜትሩ ታንከር ላይ ቢለካ 95 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው።

«48ም ትክክል ነው፤ ጥያቄው አሻሚ ነው»

የፈተናው ወረቀት ላይ «ተጨማሪ» የሚለው ቃል በግልጽ አለ። 48 ከባዶ እስከ ሙሉ ያለው ጊዜ ነው። ስለዚህ 48 የመረጠ ተማሪ ሒሳቡን በትክክል ሠርቶ የመጨረሻዋን ቅነሳ ረስቷል። ያሳዝናል፤ ግን የመለሰው ያልተጠየቀ ጥያቄ ነው። ለፈታኞች ያለኝ አስተያየት እንዲህ ዓይነት ቃል በሚመጣበት ጊዜ ከሥሩ ይሰመርበት የሚል ነው። ጥያቄው የሚለካው ኮን ማወቅን እንጂ ቃል ማደንን አይደለም።

ግን ከአሻሚነት አንጻር ጸሐፊው ያላዩት ሌላ ነገር አለ። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፣ ክርክሩ ግን የተካሄደው በአማርኛ ነው፤ ብዙው ውዥንብር የገባው በዚህ መተላለፊያ ላይ ነው። «ታንከሩ ግማሽ ደርሷል» ስንል በአማርኛ ቁመቱን ይሁን ውሃውን አይለይም። ጥያቄው ያለው ግን የቁመቱን ግማሽ ነው። ተማሪው ቃሉን ወደ ራሱ ቋንቋ ሲመልስ «ቁመት» የምትለዋ ወደቀችና «ግማሽ ሞልቷል» ሆነ፤ ከዚያ ወዲያ «6» ማለት የማይቀር ነው።

«እጥፍ»ም እንዲሁ ነው። «ዋጋው በእጥፍ ጨመረ» ሲባል ሁላችንም የድሮው ሁለት ጊዜ ሆነ ብለን እንረዳለን። «በሦስት እጥፍ ጨመረ» ሲባል ግን አንዱ ሦስት ጊዜ ሆነ ይላል፣ ሌላው የድሮው ላይ ሦስት ተጨመረበትና አራት ጊዜ ሆነ ይላል። ኮኑ ላይ ስናመጣው «ሙሉው የግማሹ 8 እጥፍ ነው» እና «ሙሉው ከግማሹ በ7 እጥፍ ይበልጣል» አንድ ነገር ናቸው። «በ8 እጥፍ ይበልጣል» ያለ ግን ከባድ ስሕተት ውስጥ ገባ። በ42 (7 × 6) እና በ48 (8 × 6) መካከል ያለው ጠብ ግማሹ ይኸው ነው። በአማርኛ ስናስተምርም ሆነ ስንከራከር «የትንሹ 8 እጥፍ ነው» በሚለው አነጋገር ብንጸና፣ «በ... እጥፍ ይበልጣል» የሚለውን ለሒሳብ ባንጠቀምበት ብዙ ጠብ ይቀራል።

«ሥዕል የለውም»

ይህን ነው በከፊል የምቀበለው። ጥያቄው «ጫፉ ወደ ታች» ስለሚል በሥዕል እጦት ምክንያት ሁለት መልስ አይኖረውም። ቢሆንም አቀማመጡ መልሱን ሙሉ በሙሉ ይለውጣል። ኮኑ በሰፊው ወገን ተቀምጦ ጫፉ ወደ ላይ ቢሆን፣ ግማሽ ቁመት ሲደርስ ከ8 እጁ 7ቱ ሞልቷል፤ ባዶ የቀረው የላይኛው ትንሽ ኮን ብቻ ነው። 7 እጅ በ6 ደቂቃ ከገባ የቀረው 1 እጅ 51 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። ከ42 ደቂቃ ወደ 51 ሰከንድ! ይህን ያህል ልዩነት በሁለት ቃል ላይ ማንጠልጠል ተገቢ አይደለም፤ ሥዕል መኖር ነበረበት። ነገር ግን ሥዕል መጉደሉ ጥያቄውን ደካማ ያደርገዋል እንጂ አያፈርሰውም። 51 ሰከንድ ደግሞ ከምርጫዎቹ ውስጥ የለም፤ አገላብጦ ያሰበ ተማሪም ይህን ባየ ጊዜ መመለስ ይችል ነበር።

«አብዛኛው ተማሪ ከተሳሳተ ጥፋቱ የጥያቄው ነው»

ይህ አባባል ለስሜት ይቀርባል፤ ለፈተና ምዘና ግን መለኪያ አይሆንም። ጥያቄ ከባድ መሆኑና ብልሹ መሆኑ ሁለት ነገር ነው፣ የሚለዩበትም የታወቀ መንገድ አለ። ወረቀቶቹን በጠቅላላ ውጤት ከላይ ወደ ታች መደርደር፤ ከላይ 27 በመቶውን፣ ከታች 27 በመቶውን መውሰድ፤ ይህን ጥያቄ በየቡድኑ ስንት ተማሪ እንዳገኘው መቁጠር። ለምሳሌ 60 ተማሪ ቢኖር ከላይ 16፣ ከታች 16 ይወሰዳል። ከላይኞቹ 11፣ ከታችኞቹ 3 አግኝተውት ከሆነ ልዩነቱ 8 ነው፤ ለ16 ሲካፈል 0.5። ይህ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ጠቅላላ አግኚው ጥቂት ቢሆንም እንኳ። ውጤቱ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ወይም ከዜሮ በታች ከወረደ፣ ማለትም ጎበዞቹ የሳቱትን ደካሞቹ ካገኙት፣ ያኔ ቁልፉም ጥያቄውም ይመርመር። ጸሐፊው ጥያቄው ይሰረዝ ከማለታቸው በፊት ትምህርት ቤቱ ይህን እንዲያደርግ ቢጠይቁ ኖሮ አብሬያቸው እቆም ነበር።

ብዙ ሰው መሳሳቱ ደግሞ አዲስ አይደለም። ፕላቶ ከ2,300 ዓመት በላይ በፊት በጻፈው ውይይት ውስጥ ሶቅራጥስ አንድን ያልተማረ ልጅ ጎኑ 2 ጫማ የሆነ ካሬ አሳይቶ ስፋቱ እጥፍ የሆነ ካሬ ጎኑ ስንት እንደሆነ ይጠይቀዋል። ልጁ «4» ይላል። የ4 ካሬ ስፋት 16 ሆኖ ሲያገኘው ወደ 3 ይወርዳል፤ 9 ይሆንበታል፣ የሚፈለገው 8 ነው። መጨረሻ ላይ መልሱ የመጀመሪያው ካሬ ሰያፍ መስመር መሆኑን ያያል። የኮኑም ነገር ቢሆን የግሪኩ የሒሳብ ሊቅ ኤውክሊድ ከክርስቶስ ልደት 300 ዓመት ገደማ በፊት ምስስል ኮኖች እንደ ዲያሜትራቸው ኩብ እንደሚበላለጡ አረጋግጦ ጽፎታል። በቅርቡም በቤልጂየም የሉቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ12 እስከ 16 ዓመት ባሉ ተማሪዎች ላይ ባደረጉት ተከታታይ ጥናት ተማሪ «ርዝመቱ እጥፍ ከሆነ ሁሉም እጥፍ ነው» ወደሚለው አስተሳሰብ እጅግ አጥብቆ እንደሚሳብ፣ ሥዕል እንዲስል ማድረግም ብዙ እንዳልረዳው አሳይተዋል። ስለዚህ ሥዕል ይኑር ስል ሥዕል ብቻውን ያድናል ማለቴ አይደለም።

«በሕይወት ውስጥ ጥቅም የሌለው እንቆቅልሽ ነው»

«ማን ነው ኮን ታንከር በሰዓት እየለካ የሚሞላ?» ይላሉ ጸሐፊው። ወፍጮ ቤት ይሂዱ። እህል የሚጨመርበት ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ ቆርቆሮ ላይ እህሉ ግማሽ ቁመት ሲደርስ የቀረው ከስምንት አንድ እጅ ገደማ ብቻ ነው። ቆርቆሮው እስከ ጫፍ ስለማይሾል ትንሽ ይበልጣል። ለዚህ ነው «ገና ግማሽ አለ» ያሉት እህል በድንገት የሚያልቀው።

10 በ20 ሜትር የሆነ ቦታን ሁለቱንም ጎን እጥፍ ቢያደርጉት አጥሩ ከ60 ወደ 120 ሜትር፣ እጥፍ ብቻ ይሆናል፤ ቦታው ግን ከ200 ወደ 800 ካሬ ይሄዳል። በ1:50,000 ካርታ ላይ 6 ካሬ ሳንቲ ሜትር የሆነ እርሻ 6ን በ50,000 አባዝቶ ለሚያስብ 30 ካሬ ሜትር ይሆንበታል፤ የአንድ ክፍል ቤት ታህል። 2 ሳንቲ ሜትር 1 ኪሎ ሜትር ነው፣ 4 ካሬ ሳንቲ ሜትር 1 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ እርሻው 150 ሄክታር ነው።

ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ አክሱም ላይ ቆሟል። በ1997 ዓ.ም. ከሮም የተመለሰው ሐውልት 24 ሜትር ገደማ ቁመትና 160 ቶን ገደማ ክብደት አለው። ከዚያው ድንጋይ በ1:100 መጠን ተመሳሳዩን ብንቀርጽ 24 ሳንቲ ሜትር ቁመት ይኖረዋል። ክብደቱስ? ለ100 የሚያካፍል ተማሪ 1.6 ቶን ይላል፤ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ጌጥ ጭነት መኪና ሊፈልግ ነው። የሚካፈለው ለ100 × 100 × 100 ነው፤ 160 ግራም፣ በእጅ የሚያዝ። በዚያው ግቢ የወደቀው ትልቁ ሐውልት ደግሞ ርዝመቱ 33 ሜትር፣ ክብደቱ 520 ቶን ገደማ ነው። የቆመው ሐውልት በሁሉም በኩል አድጎ 33 ሜትር ቢሆን 160 × (33/24) በራሱ ሦስት ጊዜ፣ 416 ቶን ያህል በሆነ ነበር። ከመቶ ቶን በላይ ይተርፋል። ይህ ልዩነት የሚነግረን ትልቁ ሐውልት የትንሹ ምስስል አለመሆኑን፣ ከቁመቱ አንጻር የበለጠ ወፍራም ሆኖ መቀረጹን ነው። ኩብን ያወቀ ተማሪ ሁለት ቁጥር አይቶ ስለ ድንጋዩ ቅርጽ መናገር ይችላል።

ለአራቱም ነጥብ ይሰጥ ስለሚለው

ይህ ቢደረግ የሚጎዳው 42ን በራሱ አስቦ ያገኘው ተማሪ ነው፤ ልፋቱ ከግምት እኩል ይሆናል። «6»፣ «18» እና «48» በዘፈቀደ የተቀመጡ ምርጫዎች አይደሉም። አንዱ ራዲየስን የረሳ፣ አንዱ ጥልቀትን የረሳ፣ አንዱ «ተጨማሪ»ን የረሳ ተማሪ የሚደርስባቸው ናቸው። መምህሩ ማን የትኛውን እንደመረጠ ቆጥሮ ምን ደግሞ ማስተማር እንዳለበት ያውቅበታል። ነጥቡን ለሁሉም ማደል ይህን መረጃ መጣል ነው።

ከነጥብ ይልቅ ለተማሪዎቹ የሚጠቅማቸው አንድ የኤ4 ወረቀትና ሦስት ኩባያ ያህል ጤፍ ነው። የወረቀቱ ረጅም ጎን ላይ መሐሉን ይዞ በኮምፓስ ራዲየሱ 14 ሳንቲ ሜትር የሆነ ግማሽ ክብ መሥራት። በተቃራኒው ረጅም ጎን ላይ፣ ወደ ጥግ ተጠግቶ፣ ራዲየሱ 7 የሆነ ሌላ ግማሽ ክብ። የወረቀቱ ወርድ 21 ስለሆነ ሁለቱም ይገባሉ። ሁለቱን ቆርጦ፣ የእያንዳንዱን ቀጥ ያለ ጠርዝ ግማሹን ከግማሹ አገናኝቶ ወደ ኮን መጠቅለል። ጠርዞቹን ሳይደራርቡ፣ ጫፍ ለጫፍ አስጠግቶ በፕላስተር መለጠፍ ነው፤ ሁለቱንም 1 ሳንቲ ሜትር ደራርቦ የሚለጥፍ ሰው ትንሹን ኮን ከሚገባው በላይ ያጠብበዋል፣ ጥምርታውም ወደ 8.3 ይሄድበታል፤ ስምንት ሰፍሮ አንድ ሦስተኛ ያህል ይጎድለዋል። ትልቁን ኮን አፉ በሚችለው ብርጭቆ ውስጥ ማቆም። ትንሹን በጤፍ ሞልቶ አፉን በማስመሪያ መላጨት፣ ወደ ትልቁ መገልበጥ። ክምር ሆኖ ከተሰፈረ ወይም በየመሐሉ ትልቁን ነቅንቀው ጤፉን ካጠቀጠቁት ቁጥሩ ይዛባል።

ከመጀመሪያው ስፍር በኋላ ጤፉን በጣት ደልደል አድርጎ ቁመቱን መመልከት ነው። ትልቁ ኮን ግማሽ ላይ ደርሷል። ከዚያ ሰባት ስፍር ይቀራል። የተቆረጡትን ወረቀቶች ላስተያየም የትልቁ ወረቀት ስፋት የትንሹ አራት እጥፍ ነው፤ የ«18» መላሾች ያገኙት 4 ያ ወረቀት ነው፣ ጤፉ አይደለም።